አበባው እስኪረግፍ

እናትየዋ በዕድሜዋ ለልጆቿ ይቅር ያላለችው ነገር የለም፤ የሰበሩትን ብርጭቆ፣ የወደቁትን ፈተና፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም ሳያስፈቅዱ ወስደው ጎማውን አጣመው የመለሱትን የጎረቤት ብስክሌት። አበባዋን የነካ ግን ምሕረት አልነበረውም። አበባው ያ እሾህ የሌለው፣ ቅጠሉ በአንጓ በአንጓ እየተቀጣጠለ ከማሰሮው አፍ ወደ ታች የሚንጠለጠል፣ ሰዎች «የበዓል ቁልቋል» የሚሉት ነው። ሌሊቱ ሲረዝም እምቡጥ ይይዛል። እምቡጥ ከያዘበት ቀን ጀምሮ ረግፎ እስኪያልቅ ድረስ በዚያ ቤት ማንም ጣቱን አያሳርፍበትም፤ ማሰሮው ከቦታው አይነሳም፣ ፊቱም አይዞርም። ካነሱት ይኮርፋል፣ እምቡጡንም አራግፎ ባዶውን ይቀራል። ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ በመስኮቱ በኩል የሚያልፉት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ነበር። ይህን ሕግ ልብ በሉልኝ፤ ኋላ የሚመጣው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጅቱ ቦርሳዋን እየጎተተች ደረጃውን ስትወጣ የምታስበው ስለ አበባ አልነበረም። የምታስበው ወንድሟን እንዴት አድርጋ አፉን እንደምታስይዘው ነበር። ልጅቱ ስል ደግሞ አርባ ዓመቷን ልትደፍን የተቃረበች ጸጉር ሠሪ ናት፤ ግን ለእናቷና ለታላቅ ወንድሟ ዕድሜ ልኳን ሚጡ ነች።

ወንድሟ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። በሳምንቱ መጀመሪያ ደውሎላት፣ «እማዬን ወስጄ እኔ ጋ ላኖራት ነው» አላት። «ባለፈው ስሄድ የወጥ ቤቱ ፎጣ ግማሹ ነዶ አገኘሁት። ታችኛዋ ጎረቤት ደግሞ ጋዝ ሸተተኝ ብላ መጥታ በር ስትደበድብ ነበር። አንድ ቀን ሬሳዋን ነው የምናነሳው።»

«ፎጣ ያላቃጠለ ማን አለ? አንተ ሰውንም እንደ ሲሚንቶ ጭነህ መውሰድ ትወዳለህ።»

«እሺ። አንቺ ቅዳሜ ሂጂና እዪያት፤ እሑድ ጠዋት መኪናዬን ይዤ እመጣለሁ። ደህና ናት ካልሽኝ አፌን እዘጋለሁ፣ ሁለተኛም አላነሳውም። አይደለችም ካልሽኝ ግን ዕቃዋን እጭናለሁ። ላንቺ ቃል ነው የማድረው።»

ሚጡም እሺ አለች፣ ያውም እየተኩራራች። በየሳምንቱ ከእናቷ ጋር በስልክ ታወራለች፤ እናቷ ደግሞ ደህና ናት፣ ከደህናም ደህና። ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ እያነሳች ታማለች፣ ትስቃለች፣ «የላክሽልኝን ፎቶ እያየሁት ነው፣ ከስተሻል» ትላለች። ይህች ሴት ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ከተማውን በሙሉ በጆሮዋ የምታውቅ፣ ሰው ገና «ሄ» ሲል ማንነቱንም የሆዱንም የምትለይ ነበረች። በስልክ እሷን የሚረታ ሰው አልተወለደም። ሚጡ ይህን ማሰብ ነበረባት፤ አላሰበችውም።

በሩን ሳታንኳኳ ተከፈተላት።

«የእግርሽን ኮቴ ካልለየሁ እኔ ምኑን እናት ሆንኩ!» አለች እናትየዋ፣ አገላብጣ እየሳመቻት። «ግቢ፣ ግቢ። ሹፌሩ ወንድምሽ ልኮሽ ነው አይደል? በደንብ አድርገሽ እዪኝ። ጥርሴንም ላሳይሽ?»

ሳቁ። ሚጡ እንደ ቤቱ ደንብ ጫማዋን አወለቀች፣ ቦርሳዋን ኮሪደሩ ላይ ተወችው፣ በካልሲዋ ወደ ሳሎን ገባች። ከኋላዋ እናቷ ቦርሳውን መታ ስትንገዳገድ ሰማች። «ምነው ሚጡ፣ መንገድ ትዘጊያለሽ እንዴ?» አለች እናትየዋ ሳቋን ሳታቋርጥ፣ ወደ ወጥ ቤትም ሄደች።

ሚጡ ግን መልስ አልሰጠችም። መስኮቱ ጋ ደርሳ ቆማ ነበር።

አበባው አብዷል። ሌላ ቃል አላገኘችለትም። ድሮ እዚህም እዚያም አንዳንድ ጫፍ ላይ ብቻ ነበር የሚያብበው፤ አሁን ባዶ ጫፍ አልነበረውም። ከአበባ ውስጥ ሌላ አበባ ሾልኮ የወጣ የሚመስል፣ ደማቅ ሮዝ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደራረበ እስከ መስኮቱ ደፍ ድረስ ወርዷል። ሚጡ እጇን ሳታውቀው ወደ ኋላ አጣመረች። «እማዬ፣ ጉድ እኮ ነው» ልትል አፏን ስትከፍት የእናቷ ድምፅ ከወጥ ቤት ቀደማት።

«አየሽልኝ ያንን ክፉ? ዘንድሮ ጭራሽ እምቢ አለኝ። አንዲት እምቡጥ እንኳ!»

ሚጡ ሳቀች። እናቷ በደረቁ መቀለድ ታውቅበታለች።

«ምን ያስቅሻል? የእውነቴን ነው። ዘግይቶ ይይዝ እንደሆነ ብዬ ጫፉን ንክች አላደረግኩትም። ካልሆነለት ግን ነገ ወንድምሽ ሲመጣ ቅንጣቢ እንወስድለታለን። ለሚስቱ ቃል ገብቼላታለሁ።»

እናትየዋ ውሃ በኩባያ ይዛ መጣች። ቀጥ ብላ፣ ወንበሩንም ጠረጴዛውንም ሳትነካ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ አንገቷን ወደ አበባው አዘነበለች፣ በሐዘን ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያ እጇን ከማሰሮው ጀርባ፣ አበባ በሌለበት በኩል አሾለከችና ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰደደች።

«ገና እርጥብ ነው» አለች። «ዛሬ አይጠጣም። በጥማት የሞተብኝ የለም፣ የገደልኩትን ሁሉ የገደልኩት በውሃ ነው።»

አበባዎቹ ከእጅ አንጓዋ የጸጉር ያህል ርቀው ይወዛወዙ ነበር። ትንሽ ሽታ ቢኖራቸው ኖሮ! ግን ይህ አበባ መዓዛ የለውም፣ ሁሉ ነገሩ ለዓይን ነው። ሚጡ ክው ብላ ቆመች። እናቷ ፊቷን ወደ እሷ መልሳ ፈገግ አለች፤ ዓይኖቿ ጥሩ ዓይኖች ነበሩ፣ ጥርት ያሉ፣ ትክክለኛው ቦታ ላይ ያረፉ።

አይሆንም፣ አለች ሚጡ በሆዷ። ቀልድ ነው። አሁን ትስቃለች።

እናትየዋ አልሳቀችም። ሻይ ቀዳች። ሌባ ጣቷን በብርጭቆው ጠርዝ ላይ ቆልመም አድርጋ ነበር የምትቀዳው፤ ሻይው ጣቷን ሊነካ ሲል አቆመች፣ አንዲት ጠብታ ሳይፈስ። ሚጡ ይህንን ስንት ጊዜ አይታዋለች! የአሮጊት ልማድ ነው ብላ ነበር። አሁን የምታየው ሌላ ነገር ሆነባት። ስኳሩ ከዳቦው በስተቀኝ፣ ማንኪያው ከስኳሩ ፊት፣ ወንበሮቹ ከወለሉ ጣውላ መስመር ጋር ልክ ለልክ። የሹራቧ የቀኝ እጅጌ ጫፍ ተንጨፍርሮ ጠቁሯል። በእሳት የተበላ ክር ምን እንደሚመስል ጸጉር ሠሪ አታጣውም።

ወሬው ግን እንደ ውሃ ይፈስ ነበር። ደረጃ ጠራጊዋ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ባልና ሚስት፣ ሐኪም ቤት ያገኘቻት ነርስ፤ ሁሉም የዚህ ተክል ቅንጣቢ ወስደው ነበርና እናትየዋ የሰዎቹን ሕይወት በአበባቸው ነው የምታወራው። ነርሷ በቢላ ቆርጣ ወዲያው እርጥብ አፈር ላይ በመትከሏ አበሰበሰችው። «አንጓውን በጣት ጠምዘዝ ነው እንጂ በቢላ አይሆንም ብያት! ቁስሉ ጥላ ላይ ሳይደርቅ አፈር ከነካ አለቀለት ብያት! የተማረ ሰው መች ይሰማል።» ሚጡ እህ፣ እህ ትላለች። ሻይዋ እፊቷ ቀዝቅዟል። እናቷን አፍጥጣ ታያለች፤ እንደዚያ ማፍጠጧን ማንም አለማወቁ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ አስፈራት።

እየመሸ መጣ። እናትየዋ አሁንም ታወራለች። ክፍሉ ደበዘዘ፣ ፊቷም ጥላ ሆነ፣ ወሬዋ አልተቋረጠም። ሚጡ ተነስታ ማብሪያውን ጫነችው።

ቀጭ አለ። አልበራም።

«አጥፊው፣ አጥፊው!» አለች እናትየዋ ፈጥና። «ማታ ብርሃን ካገኘ ጭራሽ ተስፋ የለውም። ጨለማውን ሳይጠግብ እምቡጥ አይዝም፣ ረሳሽው እንዴ?»

ሚጡ በጨለማው ውስጥ ማብሪያውን መልሳ ተጫነችው። ቀጭ።

«ጎበዝ» አለች እናትየዋ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ ሁሉ አንድ ላይ የወረደባት። ልጆች ሳሉ በዚህ ወቅት ሲመሽ ይህ ክፍል ይዘጋ ነበር፤ ቤተሰቡ ወጥ ቤት ውስጥ ተፋፍጎ ይቀመጣል። ግን ሁልጊዜ አንዱ ጥፋተኛ አይጠፋም፤ መጽሐፍ ረሳሁ፣ ጃኬቴን ላንሳ ብሎ መብራት ያበራል፣ አበባውም በዚያው ልክ ይሰስታል። ዘንድሮ ግን የረሳው ነገር ያለው ሰው አልመጣም። እዚህ ክፍል ውስጥ ከወራት ጀምሮ መብራት በርቶ አያውቅም። ተክሉ በዕድሜው አግኝቶት የማያውቀውን ጨለማ ጠገበ፣ ጠግቦም አበደ። እናቷ ለአበባዋ የምትመኘውን ሁሉ ሰጥታዋለች፣ የሰጠችውን ግን አታይም።

ሚጡ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። «ከስተሻል» ያለቻት ትዝ አላት፤ ያኔ እውነት መስሏት ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ነበር የዋለችው።

«እማዬ» አለች። «አምፑሉ ተቃጥሏል።»

ወሬው ተቋረጠ። ከላይኛው ፎቅ ውሃ በቧንቧ ሲወርድ ተሰማ።

«መቼ?» አለች እናትየዋ።

«እኔ እንጃ። ቆይቷል መሰለኝ። አበባውም አብቧል፣ እማዬ።»

እናትየዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከዚያ ሚጡ እስከ ዛሬ ድረስ ጆሮዋ ላይ የሚጮኸውን ቃል ተናገረች።

«የቱ ጋ?»

ሚጡ ማልቀስ ጀመረች፤ አፏን በእጇ አፍና ድምፅ ላለማሰማት ሞከረች። ለማን ብላ! እናትየዋ ትንፋሿን ሰምታ ጨርሳለች።

«ሁሉም ጋ» አለቻት። «ባዶ ቦታ የለውም።»

እናትየዋ ተነስታ መስኮቱ ጋ ሄደች። እጇን ዘረጋች፤ ጣቶቿ አበባው ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ቆሙ። መለሰቻቸውና በሹራቧ ኪስ ከተተቻቸው። «አይነካም» አለች ለራሷ።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገረቻት። የዓይን ግፊት ነው። ከዳር ከዳር እየበላ መጥቶ መሀሉን ሲጨርሰው ብቻዋን ሐኪም ዘንድ ሄዳለች፤ ነርቩ ሞቷል፣ የሄደው አይመለስም ብሏታል። ሰማይና ግድግዳ ትለያለች፣ ከዚያ በላይ የለም።

«ለምን አልነገርሽንም?»

«ብነግራችሁ ምን ልታደርጉ? ልትወስዱኝ አይደል? ሚጡ፣ ስሚኝ። እኔ እዚህ ቤት ውስጥ አልታወርኩም። ስኳሩ የት እንዳለ አውቃለሁ፣ በሩ ስንት እርምጃ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ደረጃው የት ጋ እንደተሸረፈ አውቃለሁ። የወንድምሽ ሚስት ደግ ናት፣ አላማትም። ግን የሷን ቤት አላውቀውም። የምታወረው እዚያ የሄድኩ ቀን ነው።» እጇን ዘርግታ የልጇን ክንድ ያዘች፣ አጥብቃ። «አትንገሪው። ላንቺ ቃል እንደሚያድር ነግሮኛል። ደህና ናት በዪው፣ አለቀ።»

«ፎጣውስ? ጋዙስ?»

«ተጠንቅቄአለሁ። ካሁን ወዲያ ደግሞ የበለጠ እጠነቀቃለሁ። ሚጡዬ።»

«እሺ» አለች ሚጡ። ቃሉ ከአፏ አምልጦ ነው የወጣው፤ ከወጣ በኋላ ግን ልትመልሰው አልደፈረችም።

እናትየዋ ወዲያው ኦፕሬተር ሆነች። ቀለሙ ያው ነው? የበዛው በየት በኩል ነው? በስተግራ፤ እሺ። የትኛው ነው ዝቅ ብሎ የወረደው? ከፊት ያለው፣ እስከ ደፉ። ገና ያልፈነዳ አለ? አንዱን አንዴ ከሰማች በቂዋ ነው፣ ደግማ አትጠይቅም። መጨረሻ ላይ ሁለቱም እንደ ሌባ እየተንሾካሾኩ ይስቁ ነበር። ሚጡ አምፑል ልትቀይር ከመታጠቢያ ቤቱ ፈታች፤ እሱም ተቃጥሏል። የመኝታ ቤቱም እንዲሁ። የወጥ ቤቱ ብቻ ይበራል። እናትየዋ መብራቱን አይታ ስለማታጠፋው፣ ቀንም ሌትም ሲበራ የከረመ መሆኑን ሚጡ ተረዳች፣ ሳቋም እዚያው ቀረ።

በማግሥቱ ጠዋት እናትየዋ ማንቆርቆሪያውን ጣደች። ሚጡ በሩ ላይ ቆማ ታያት ነበር። ጋዙ ፉጨቱን ጀመረ። ክብሪቱ በመጀመሪያ አልያዘም፤ ሁለተኛውም ተሰበረ። ፉጨቱ እንደቀጠለ ነው። ሦስተኛው ሲለኮስ እሳቱ ቡፍ ብሎ ወደ እጅጌዋ ዘለለ፣ እናትየዋም የለመደችው ነገር ነውና ሳትደነግጥ እጇን ሰብሰብ አደረገች። ማንቆርቆሪያው ግማሹ ከምድጃው ወጥቶ አረፈ። በሌላው ግማሽ በኩል ሰማያዊው ነበልባል ምላሱን አውጥቶ፣ ምስማር ላይ የተሰቀለውን አዲሱን ፎጣ ጫፉን ሊልስ ይንጠራራል። ሚጡ ትንፋሿን ውጣ፣ በካልሲዋ ሄዳ ፎጣውን አነሳች።

«ምን ሆንሽ?» አለች እናትየዋ።

«ምንም።»

ወንድሟ የመጣው ውሃው ገና ሳይፈላ ነው። መኪናው ከታች ሲቆም መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ ያ ከባድ እግሩ ደረጃው ላይ ተሰማ። እናትየዋ ጸጉሯን ዳሰስ አድርጋ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ሚጡ ከፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«ውይ እማዬ! አበባሽ!» አለ ገና ሲገባ።

«ታዲያስ! አንተን ጠብቆ ነው። ከፊት ለፊት ያለውን እየው፣ እስከ ደፉ ወርዶልሃል። በስተግራ ደግሞ ጭራሽ አንጓው ራሱ አይታይም» አለች እናትየዋ፣ በአገጯ እየጠቆመች። «ከላይ ገና ያልፈነዱም አሉ። ና ሳመኝ ይልቅ፤ ጢምህን አልተላጨህም።»

ጢሙን ያወቀችው ከሳማት በኋላ ነው፤ ግን ቃሉና መሳሙ እንዲህ ተጠላልፈው ወጡ፣ ማንም አይለየውም። ሻይ ቀዳችለት። ስኳሩን ገፋ አደረገችለት። ስለ መንገዱ ጠየቀችው፣ ስለ ልጆቹ፣ የመኪናው ሞተር ድምፁ እንዳላማራት ነገረችው፤ እሱም እውነትሽን ነው፣ ችግር አለበት አላት። ሚጡ የወንድሟ ትከሻ ቀስ በቀስ ሲላላ አየች። አመናት። እንዲህ ነው እኔንም የሰራችኝ፣ አለች በሆዷ። እናቷ ስታሸንፍ እያየች ነው፤ ካሸነፈች ደግሞ ማታ እነሱ ይሄዳሉ፣ ነገ ጠዋት ክብሪቱ፣ ፉጨቱ፣ ፎጣው አሉ። መቀመጥ አቃታት። ከላይ ቧንቧው ኮቴዋን እስኪውጠው ሲያጓራ ተነሳችና አየር ለማግኘት ወደ መስኮቱ ሄደች።

«እሺ ሚጡ» አለ ወንድሟ ከሻይው ቀና ሳይል። «ቃል ቃል ነው። ምን ትያለሽ?»



እናትየዋ ፈገግ አለች። ያ ሁሉ ፍቅር፣ ያ ሁሉ ልመና በፈገግታዋ ውስጥ ነበር፤ ጎንበስ ብላ፣ ፊት ለፊቷ ወዳለው ወንበር ዞረች። ባዶውን ወንበር እያየች፣ «ንገሪው እንጂ ልጄ፣ ምን አፍሽን ያዘሽ?» አለችው።

ወንድምየው ቀና አለ። ወንበሩን አየ። መስኮቱ ጋ የቆመችውን እህቱን አየ። ብርጭቆውን ሊያስቀምጥ ፈልጎ ማስቀመጥ አቃተው፤ እጁ ላይ እንደያዘው ቀረ።

«ሚጡ?» አለች እናትየዋ ለወንበሩ። ፈገግታዋ ከዳር ከዳር መርገፍ ጀምሯል።

ሚጡ አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ዘልላ ወንበሩ ላይ ብትቀመጥ፣ ያ ፊት የሚያየው ሰው ቢያገኝ! ወንድሟ እጁን አንስቶ አስቆማት። ዓይኑ ቀልቷል። ቀስ ብሎ፣ «አንቺ ንገሪኝ» አላት።

«አታይም፣ ጋሼ» አለች ሚጡ። «ምንም አታይም።»

የእናትየዋ ፊት ከወንበሩ ተነስቶ ቀስ እያለ ድምፁ ወደመጣበት ዞረ። የት እንዳየች፣ ማንን እንዳነጋገረች ያን ጊዜ ገባት። ሚጡ ዕድሜዋን ሙሉ እናቷ ስታፍር አይታ አታውቅም ነበር።

«ቃል ሰጥተሽኝ!» አለች።

«እማዬ፣ ጠዋት ፎጣው…»

«ዝም በይ!»

«ይብቃ» አለ ወንድሟ ተነስቶ። ድምፁ ተሰብሯል። «መኪናው ታች ቆሟል። ዛሬውኑ እንጭናለን። አልጋሽንም፣ አበባሽንም፣ ሁሉንም።»

እናትየዋ ተነሳች። ወንበር ሳትነካ፣ እጇንም ሳትዘረጋ፣ ቀጥ ብላ ወደ መስኮቱ ሄደችና በአበባውና በልጇ መካከል ቆመች።

«ይሄ አይነሳም።»

«እማዬ…»

«ያበበ አይነሳም። ሕጉን ታውቀዋለህ። ካነሳኸው ያራግፋል። አበባው ይርገፍ። ሲረግፍ ናና እሱንም እኔንም ውሰደን። እስከዚያ ግን አንነካም።»

ያ ግዙፍ ሰው፣ ሲሚንቶና ብረት ሲጭን የኖረው፣ እናቱን አየ፣ አበባውን አየ። ከዚያ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። ማጣመሩን ራሱም ያወቀ አይመስልም።

«እስኪረግፍ ማን አብሯት ይሆናል?» አለ በመጨረሻ።

«እኔ» አለች ሚጡ።

እናትየዋ አኮረፈች፤ ኩርፊያ ከአበባዋ የተማረች ይመስል። ልጇን አታናግርም። ጠዋት ስትነሳ «ረገፈ?» ትላለች፣ «ገና» ስትባል ዞር ትላለች፣ በቃ። ሚጡ የምትሠራበት ቤት ደውላ እንደማትመጣ ተናገረች። አምፑሎቹን ቀየረች፣ ፎጣውን ከምድጃው አራቀች፣ ረጅም ክብሪት ገዛች፣ ምድጃው ላይ ማንቆርቆሪያው የሚቆምበትን ቦታ በሽቦ አጠረችው። እናትየዋ ሽቦውን ዳሰሰችው፣ አላመሰገነችም፣ አልነቀለችውምም። አንዳንድ ማታ ሚጡ ጸጉሯን ታጥባታለች፤ ያን ጊዜ እንኳ አንገቷን አደንድና ነበር የምትሰጣት። ቦርሳዋ ኮሪደሩ ላይ፣ ግድግዳ ተደግፎ እንደቆመ ነው። ልብስ ከውስጡ አውጥታ ትለብሳለች፣ አጥባ መልሳ ትከትታለች።

አበባዎቹም መርገፍ ያዙ። መጀመሪያ ከፊት ያለው፣ ከዚያ የግራዎቹ። በየእሑዱ ስልክ ይደወላል። ስልክ የምታነሳው እናትየዋ ናት፤ በዚያ ቤት እሷ እያለች ሌላ ሰው ስልክ አያነሳም።

«ረገፈ ወይ?» ይላል ሹፌሩ።

«ገና ነው» ትላለች።

እያነሰ ሲሄድ ሚጡ እናቷን ቀድማ መነሳት ጀመረች። ደፉ ላይ የወደቀውን ትለቅማለች፣ ያልረገፈ አስመስላ ትናገራለች። «በስተቀኝ ብዙ አለ» ትላለች። «ከላይ ያሉት ገና አሁን ነው የፈነዱት።» አንድ ጠዋት የመጨረሻው እንደ እርጥብ ወረቀት ተኮማትሮ ደፉ ላይ አገኘችው። ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተችውና ቆመች። ተክሉ አረንጓዴ ብቻ ሆኖ ወደ ታች ተንጠልጥሏል።

እናትየዋ ከኋላዋ መጣች። «ስንት ቀረ?»

«አንድ» አለች ሚጡ። «ከላይ በኩል። ግን ጠንካራ ነው፣ የሚቆይ ይመስለኛል።»

እሑድ ነበረና ስልኩ ጮኸ። መስኮቱ ጋ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አነሳችው።

«እማዬ፣ ረገፈ?»

ሚጡ ድምፁን ከቆመችበት ትሰማዋለች። እናቷ ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ፣ ነፃ እጇን ወደ አበባው ዘረጋች። እጇ አልቆመም፣ ኪስም አልገባም። ጣቶቿ የመጀመሪያውን ጫፍ ነኩ፤ ባዶ። ቀጣዩን፤ ባዶ። ሳትቸኩል አንድ በአንድ እየዳሰሰች፣ ከላይ በኩል ያለውንም ዳሰሰች፣ ጨረሰች።

«አንድ ቀርቷል» አለች በስልኩ። «አሁን እያየሁት ነው።»

ሹፌሩ ይህን አበባ ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ ምን ያህል እንደሚቆይም ያውቃል።

«እንግዲያው አይነካ» አለ ቆይቶ። «ሚጡ አለች አይደል?»

«አለች።»

ስልኩን ዘጋች። ከዚያ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን ከአንድ ጫፍ ወደ ላይ እየቆጠረች ወስዳ፣ ሹካ ሠርቶ የተከፈለ አንጓ ላይ አሳረፈች፣ ጠምዘዝ አድርጋም ቀነጠበችው። ዞር ብላ ዘረጋችው፤ ሚጡ ወዳለችበት፣ በትክክል።

«ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ላይ አስቀምጪው፣ ሚጡ» አለች። «ለወንድምሽ ሚስት ነው፤ ቃል ገብቼላታለሁ። ያንን ቦርሳሽንም ከኮሪደሩ አንሺና ልብስሽን ቁምሳጥን ውስጥ አስገቢው። በየቀኑ እየመታኝ ነው።»